ጎመኑ አልበስል አለኝ፣ ያውም ይመራል! እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው

ማሬ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጎመኑ እሳት ላይ ነው። ቅጠሉ ጎማ ሆኗል፣ ስቀምሰው ደግሞ ይመራል፣ ድስቱ ውሃ አቁሯል። የጾም ስለሆነ ቅቤ አይገባበትም። ምን ላድርገው?

የጓዳ ሰው፦ የሐበሻ ጎመን ነው ቆስጣ? ቆስጣ ቢሆን እስካሁን ሙልጭ ብሎ ይበስል ነበር። ግንዱንስ አውጥተሻል?

ማሬ፦ የሐበሻ ነው። ግንዱ አለበት። ፍጠኑልኝ!

ሸዋ፦ ቤኪንግ ሶዳ ቆንጥረሽ ጣል አድርጊበት፣ ወዲያው ይለሰልሳል።

ነጭ ሽርጥ፦ ተይ እህቴ፣ ሶዳ እንዳታስገቢ! ማለስለሱንስ ያለሰልሰዋል፣ ግን ቅጠሉ ይላሽቃል፣ ቫይታሚን ሲውንም ያጠፋዋል። ጎመን የምንበላው ለጥቅሙ አይደል? ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል። ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ጎመን በትንሽ ውሃ ተከድኖ ነው መብሰል ያለበት። ዘይትም አትሰስቺ፣ በጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው) ያለ ቅባት ከሰውነት ጋር በደንብ አይዋሃድም።

ባለ ድስት፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷ እንግዳ ደርሶባታል! ማሬ፣ ምሬቱ ካስቸገረሽ ውሃውን አንዴ ድፊው፣ ለዛሬ ምንም አይደለም። ግንዱን እየለቀምሽ አውጪና ድቅቅ አድርገሽ ክተፊው፣ ከዚያ መልሺው። በሌላ ድስት ሽንኩርቱን በዘይት አብስዪ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሪ፣ ጎመኑን ገልብጪበትና ፍል ውሃ ጠብ እያደረግሽ ክደኚው። ጨው ምሬቱን ይቀንሰዋል።

አዲስ ሙሽራ፦ ምሬት እኮ የጎመን ባሕርይ ነው፣ ለምን ይጠፋል? እኛ ቤት የማይመር ጎመን ጎመን አይባልም።

ሸዋ፦ ሶዳ ነው የምልሽ!

ሜሪላንድ፦ እኛ እዚህ ኮላርድ በሚባለው የጎመን ዓይነት ነው የምንሠራው፣ እሱም ደረቅ ነው። ቀጭን አድርገን ነው የምንከትፈው። ሎሚ ግን ድስቱ ላይ አትጭመቂ፣ አረንጓዴው ይገረጣል። ማዕድ ላይ ሲቀርብ ጭመቂበት፣ የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ይረዳል።

የአባቴ ልጅ፦ ከእንግዶቹ መሃል ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ የሚወስድ አለ? ጎመን የመድኃኒቱን ሥራ የሚቀንስ ቫይታሚን ኬ አለው፣ ሐኪም አባቴ የሚበላው የጎመን መጠን አንዴ በዝቶ አንዴ እንዳያንስ አስጠንቅቆናል።

የጓዳ ሰው፦ ግንዱን አውጪ! ቃሪያውን ግን አሁን አታስገቢ፣ ከእሳት ልታወርጂ ስትይ ሰንጥቀሽ ጣል አድርጊበት፣ ሽታው እንዳይጠፋ።