ሐረጎ ላይ ደርቤ ለማለፍ ስንት ሰከንድ ያስፈልገኛል? ከመኪናው ክብደትና ከፈረስ ጉልበቱ ማስላት

የሰኞ ገበያው (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ያሪስ ነው የምነዳው፤ 1300 ሲሲ፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ቱርቦ የሌለው። ባዶ ክብደቱ 1000 ኪሎ ገደማ ነው። ጉልበቱ 87 ፈረስ ተብሎ ተጽፏል። የምኖረው ደሴ፣ ስራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት መውረዱ ቀላል ነው። ማታ ግን አምስት ሰው ሆነን በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ከሲኖትራክ ኋላ ተለጥፈን ጭስ እንጠጣለን። በሦስተኛ ማርሽ እግሬን እስከ መጨረሻው ብረግጥም መኪናው የሰማኝ አይመስልም። ከ40 ወደ 60 ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት በወረቀት ማስላት ይቻላል? ሂሳብ አልፈራም፤ ከፊዚክስ የቀረኝ ግን ትንሽ ነው።

ዶልፊን ነጂው

ወንድሜ፣ ሲኖው ተጭኖ ከሆነ ሐረጎ ላይ 40 ከየት ያመጣል? 20 ከሄደ ጎበዝ ነው። ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ መቅደም የሚያምረው ሰው ብዙ ነው፣ መንገዱ ግን ጠምዛዛ ነው። ታገስ።

የሰኞ ገበያው

ልክ ነህ፣ የተጫነው አይሄድም። እኔ የምለው ባዶውን ነው። ባዶው 40 ይሄዳል፣ እኔንም 40 ላይ ያስቀረኛል።

ጡረተኛው መምህር

ይቻላል። መጀመሪያ ሜዳውን እንስራ፣ ዳገቱ ከዚያ ይቀላል።

አንድ ፈረስ ጉልበት 735 ዋት ከግማሽ ነው። ስለዚህ 87 ፈረስ ማለት 64 ኪሎ ዋት ነው። መኪናን ለማፍጠን የሚያስፈልገው ኢነርጂ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱ በሜትር በሰከንድ ይሁን፤ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 27.8 ነው። ሁለት ሰው ይዘህ 1150 ኪሎ ብትሆን 444 ኪሎ ጁል ይመጣል። ይህንን ለጉልበቱ ስታካፍል ሰከንዱን ታገኛለህ።

ግን ለ64 አታካፍል። ከሞተር እስከ ጎማ ድረስ ካምቢዮውና ሌላው 15 በመቶ ያህል ይበላል። 54 ቀረ። 64 የሚለው ቁጥር ደግሞ ሞተሩ በደቂቃ 6000 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ብቻ የሚገኝ ነው። ከቆመበት ተነስተህ ማርሽ እየቀየርክ ስትሄድ በአማካይ የምታገኘው የዚያን 60 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ 33 ያህል ኪሎ ዋት። 444ን ለ33 ብታካፍል 13 ሰከንድ ከግማሽ አካባቢ ይሆናል።

አቋራጭም አለው። ኪሎውን በፈረስ ጉልበቱ አካፍል። 1150 ለ87፣ 13.2። ለተራ መኪና ይህ ቁጥር ከዜሮ እስከ 100 ከሚፈጀው ሰከንድ ጋር በጣም ይቀራረባል። ለስፖርት መኪና ግን አይሰራም። ጉልበቱ ሲበዛ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ መሬቱን አይዝም፤ ያኔ ወሳኙ ጎማው ነው።

ካንዴላ

መምህር፣ አቋራጭዎ ቆንጆ ነው። ያ 13 ሰከንድ ግን የጅቡቲ ነው እንጂ የደሴ አይደለም።

ቱርቦ የሌለው ሞተር እንደ ሰው ነው፣ የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳ ይደክማል። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ደሴ 2500 አካባቢ። በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብለን ነው እኛ የምንይዘው። ስለዚህ 87 ፈረስህ ኮምቦልቻ ላይ 72፣ ደሴ ላይ 67 ገደማ ይሆናል። 13ቱ ሰከንድ ኮምቦልቻ 16፣ ደሴ 17 ይደርሳል። ጋራዥ እየመጣ «መኪናዬ ታመመ» የሚለኝ ከባህር ዳርቻ የመጣ ሰው ብዙ ነው። መኪናው አልታመመም። ከፍታው ነው።

ይህ እንግዲህ ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተደፈነ፣ ካንዴላው ካለቀ፣ ኮምፕሬሽኑ ከወረደ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው 87 ታሪክ ሆኖ ይቀራል።

ቦርከና

ሰላም፣ ኮምቦልቻ ነው የምማረው፣ መካኒካል። የዳገቱን ክፍል እኔ ልሞክረው። መምህር ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

ዳገት ላይ ሞተሩ ሁለት ስራ አለው። አንደኛው መኪናውን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ሁለተኛው ማፍጠን። የሚያፈጥነው ከማንሳቱ የተረፈው ጉልበት ብቻ ነው። ጥያቄህ ያለው እዚህ ጋ ነው።

አምስት ሰው ጋር 1350 ኪሎ እንበል። ዳገቱን ለስሌት 8 በመቶ እንያዝ፤ 100 ሜትር ስትሄድ 8 ሜትር ከፍ የሚል። በአማካይ 50 እየሄድክ፣ ማለትም 13.9 ሜትር በሰከንድ፦ 1350 ሲባዛ በ9.8፣ ሲባዛ በ0.08፣ ሲባዛ በ13.9፤ 14.7 ኪሎ ዋት። ለጎማና ለአየር ተቃውሞ 3 ከግማሽ ጨምር። 18 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሄደው ፍጥነቱ እንዳይወርድ ብቻ ነው። አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳ አልጨመርክም።

አሁን ያለህን እንይ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከ40 እስከ 60 ስትሄድ ሞተርህ ከ2000 እስከ 3000 ዙር ነው። እዚያ ዙር ላይ፣ የከፍታውንና የካምቢዮውን ቀንሰን፣ ጎማው ላይ የሚደርሰው 19 ኪሎ ዋት ቢሆን ነው። 18 ሲቀነስ አንድ ቀረ። ከ40 ወደ 60 ለመድረስ 104 ኪሎ ጁል ያስፈልግሃል። በአንድ ኪሎ ዋት 104 ሰከንድ! መኪናው አልሰማኝም ያልከው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ደግሞ ዙሩ ከ2900 እስከ 4400 ይወጣል። ጎማው ላይ 30 ኪሎ ዋት ታገኛለህ። 18 ስንቀንስ 12 ተረፈ። 104 ለ12፣ ዘጠኝ ሰከንድ አካባቢ። ያው ሞተር፣ ያው ዳገት፣ ያው ሰው ነው። የተለወጠው ማርሹ ብቻ ነው።

ጡረተኛው መምህር

የማርመው የለኝም ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብቻውን ሲሆንስ? 1070 ኪሎ። ለዳገቱና ለተቃውሞው 15 ገደማ ይበቃዋል፣ 15 ይተርፈዋል፣ የሚፈልገው ኢነርጂም ወደ 82 ይወርዳል። አምስት ሰከንድ ተኩል። ክብደቱ የቀነሰው በአንድ አምስተኛ ነው፣ ጊዜው ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ አጠረ። ዳገት ላይ ሰው መጫን ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍለው።

የሰኞ ገበያው

አላህ ይስጣችሁ። እኔ ሁለተኛ ማርሽ ሞተር ይጎዳል ብዬ ነበር የምፈራው። ሲጮህ ያስደነግጣል።

ካንዴላ

አብሽር። 4400 ዙር ለዚያ ሞተር ምንም አይደለም፣ ቀይ መስመሩ ከ6000 በላይ ነው። የሚጎዳው በዝቅተኛ ዙር እያንገጫገጩ ነዳጅ መርገጥ ነው። ዘይቱና ውሃው በልኩ ይሁን ብቻ። ኤሲ ከከፈትክም ዝጋው። ኮምፕሬሰሩ 2 ኪሎ ዋት ቢወስድብህ ከተረፈህ 12 ላይ ነው የሚቀንሰው።

ዶልፊን ነጂው

እሺ፣ ሂሳቡ ገባኝ። አሁን ደግሞ የእኔን ሂሳብ ስሙኝ። ዘጠኝ ሰከንድ በአማካይ 50 ስትሄድ 125 ሜትር ሄድክ። ሲኖው በ40 በዚያው ጊዜ 100 ሜትር ሄዷል። ያተረፍከው 25 ሜትር ነው። መኪናውን ራሱን አልፈህ መስመርህ ለመግባት ገና ነህ! ከፊት የሚመጣው በ60 ቢወርድ በዘጠኝ ሰከንድ 150 ሜትር ይመጣብሃል። ስለዚህ ቢያንስ 275 ሜትር ጥርት ብሎ የሚታይ መንገድ ያስፈልግሃል፣ እኔ 400 ካላየሁ አልወጣም። ሐረጎ ላይ 400 ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ የት እንዳለ ንገረኝና ሻይ እጋብዝሃለሁ።

የእኔ ዶልፊን ቱርቦ ናፍጣ ነው፣ ከፍታው ብዙም አይነካውም። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ነው የሚሰጠው። እኔም ግን እጠብቃለሁ።

የሰኞ ገበያው

ሻዩን እኔ እጋብዛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ ቀጣዩ መኪናዬ ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ሂሳብ ለእሱም ይሰራል?

ቦርከና

ይሰራል፣ እንዲያውም ይቀላል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ለከፍታ ብለህ የምትቀንሰው የለም። ማርሽ ስለማይቀይርም ጉልበቱን ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምሮ ታገኘዋለህ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ ክብደቱን ግን በትክክል አስገባ።

1500 ኪሎ የሆነ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ 650 ሜትር ሲወጣ፣ ለማንሳቱ ብቻ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ሲወርድ ከዚያ የተወሰነውን መልሶ ይሞላል። ለዚህ ግን ባትሪው ቦታ ሊኖረው ይገባል። ማታ ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልተህ ጠዋት ብትወርድ መኪናው የሚያስቀምጥበት ስለማይኖር በሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ ስራው ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 85 ወይም 90 ላይ ቻርጁን ንቀል።