የአፕል ክራምብሌ ላዩ ይበስላል፣ ከስሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ መላ በሉኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ክራምብሉን (የተከተፈ ፍሬ ላይ የዱቄትና የቅቤ ፍርፋሪ ተበትኖ የሚጋገር ጣፋጭ ነው) የምጋግረው የኦቨን ሙቀት በሚችሉ 6 ትንንሽ የሸክላ ኩባያዎች ነው፤ እያንዳንዳቸው 180 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ፍሬው 450 ግራም የተላጠና የተከተፈ የጨንቻ አፕል፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና ትንሽ ቀረፋ ነው። ለላዩ 140 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 70 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤና 60 ግራም ስኳር በጣቴ ጫፍ አሽቼ ፍርፋሪ አደርገዋለሁ። በ180 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቆያል።

ላዩ ወርቃማ ይሆናል። ማንኪያ ሲገባበት ግን ፍሬውን የነካው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ርጥብ ሊጥ ነው፤ ጭማቂውም በጠርዙ ገንፍሎ ኩባያው ላይ ያርራል። በኮክ ደግሞ ይብሳል።

ሙቀቱን ወደ 200 ከፍ ሳደርገው ላዩ አረረ፣ አፕሉ ግን ጥሬ ቀረ። በንጥር ቅቤ ስሞክር ፍርፋሪው ቀልጦ አንድ ላይ ተጋገረ፤ ይህን ማንም እንዳይሞክረው። 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጭማቂውን በመጠኑ አወፈረው እንጂ ሊጡን አላዳነውም።

አፕሉን አስቀድሜ 5 ደቂቃ አብስዬ፣ አጥልዬና አቀዝቅዤ ልጠቀም? ትኩስ ከሆነ ቅቤውን ቶሎ እንዳያቀልጠው እሰጋለሁ። ወይስ ፍርፋሪውን ለብቻው 10 ደቂቃ ጋግሬ ልበትነው? አዲስ አበባ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ስታርቹ በደንብ ሳይወፍር ቀርቶ ይሆን? በትንንሽ ዕቃ የጋገራችሁ መጠኑንና ደቂቃውን ብትነግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።