ዳገት ላይ ከባድ መኪና ሳቆም ማርሽ ላስገባ ወይስ ዜሮ ላርገው? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለከባድ መኪና ሹፌሮች። ጎንደር ነኝ፣ ከረዳትነት ወጥቼ ገልባጭ ከያዝኩ ገና 4 ወሬ ነው፣ ማርሹ ማንዋል ነው። ማታ የማቆመው አዘዞ ሰፈራችን ያለች ዳገት ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የለኝም። ያስተማረኝ ሹፌር ፊቱ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማው ስር ታኮ አድርግ ብሎኛል፣ እንደዛው ነው የማደርገው።

ባለፈው ጠዋት ግን ረዳቴ ሞተሩን ላሙቅልህ ብሎ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ቁልፉን አዞረው፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ እያለ መኪናው ግማሽ ክንድ ያህል ወደፊት ዘለለ፣ አንዲት እናት የእንጀራ ሰፌድ ይዘው ገና ከፊቱ ማለፋቸው ነበር። እግዚአብሔር ነው ያወጣን፣ ሳስበው አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ባለንብረቱ ከዛ ወዲህ "ዜሮ አርገህ አቁም፣ ፍሬኑ ይበቃል" ይለኛል። ፍሬኑ የንፋስ ስለሆነ ንፋሱ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ፍሬኑን እንደሚይዝ አውቃለሁ፣ ግን የፍሬን ሸራው ካለቀ ወይ ፍሬኑ ከላላስ? ያ መዝለሉ ራሱ የኋላ ፍሬኑ ደክሟል ማለት አይደለም ወይ?

ሌላው ደሞ ጠዋት ንፋሱ ወርዶ ነው የማገኘው፣ የንፋስ ጌጁ 7 ባር እስኪደርስ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ከኋላ ያሉት በክላክስ ያስጨንቁኛል። ጭነት ይዤ ስነሳስ የእጅ ፍሬኑን በየትኛው ሰዓት ልልቀቅ፣ ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምር ነው ወይስ ነዳጅ ሰጥቼ? ታኮውንስ ማን ያንሳው፣ ረዳቴን ጎማ ስር መላክ በጣም ነው የምፈራው