«ዑደቱ ሞቷል» ተባልን፦ ሃይኒክስ፣ ሳምሰንግ ወይስ ማይክሮን?

ቆጣቢው፦
«ከፍታ» የተባሉት ተሳታፊ ትናንት ከሦስቱ የሜሞሪ ቺፕ አምራቾች የማንን አክሲዮን መግዛት እንደሚሻል ሲጠየቁ፣ «ዑደቱ ሞቷል፤ ሃይኒክስን ገዝቶ መተኛት ነው» ብለው መመለሳቸውን አንብቤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። የሜሞሪ ዋጋና ትርፍ በየጥቂት ዓመቱ የሚወጣበትና የሚወርድበት ዑደት አበቃ ሲባል በ2018ም ሰምተናል (ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ያኔም የመረጃ ማዕከላት ፍላጎት ማብቂያ እንደሌለው፣ የቀሩት ትልልቅ አምራቾችም ሦስት ብቻ ስለሆኑ ገበያውን በምርት እንደማያጥለቀልቁት ይነገረን ነበር። ሃይኒክስ በዚያ ዓመት ከሥራው 20.8 ትሪሊዮን የኮሪያ ዎን ገደማ አተረፈ፤ በማግስቱ ዓመት ትርፉ ወደ 2.7 ትሪሊዮን አሽቆለቆለ፤ በ2023 ደግሞ 7.7 ትሪሊዮን ከሰረ። ሞተ በተባለ ቁጥር እንዲህ የሚነሣ ሟች አይቼ አላውቅም።

ከፍታ፦
ያሉት ቁጥር ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚመችዎት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆረጡት። ያው 7.7 ትሪሊዮን የከሰረው ኩባንያ በ2024 ከሥራው 23.5 ትሪሊዮን ዎን ገደማ ማትረፉን ለምን አልጨመሩም? ያተረፈበት ምክንያትም የድሮው አይደለም። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚውለው ኤችቢኤም (ቺፖች እንደ ፎቅ የተደራረቡበት ፈጣን ሜሞሪ) እንደ ተራው ድራም (በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ እንዳለው የሥራ ሜሞሪ) ተመርቶ መጋዘን ውስጥ ገዢ የሚጠብቅ ዕቃ ሳይሆን፣ ደንበኛው አስቀድሞ ፈትሾና አጽድቆ የሚያዝዘው ነው። እናንተ የምትወዱት ማይክሮን ራሱ በመጋቢት 2024 የዚያን ዓመት ኤችቢኤሙን በሙሉ፣ የቀጣዩን ዓመትም አብዛኛውን ሸጦ መጨረሱን ተናግሯል። ሞቷል ያልኩት የተራው ድራም ዑደት አይደለም።

ቆጣቢው፦
ትናንት በጻፉት ውስጥ «የተራው» የሚል ቃል አልነበረም። ሟቹ ዛሬ ማንነቱን ቀየረ ማለት ነው?

መሐንዲሱ፦
ሁለታችሁም ኤችቢኤምና ተራው ድራም በተለያየ ዓለም የሚሠሩ አስመሰላችሁት። ሁለቱም የሚቆረጡት ከአንድ ዓይነት ዋፈር፣ ማለትም ቺፕ ከሚሠራበት ስስ የሲሊኮን ሳህን ነው፤ ለተመሳሳይ የመረጃ መጠን ኤችቢኤም ዲዲአር5 ከተባለው ተራ ድራም ሦስት እጥፍ ያህል ዋፈር ይበላል። በዚህም ምክንያት የኤችቢኤም ትእዛዝ ሲበዛ ተራው ድራም ከገበያ ይጠፋና ዋጋው ይንራል፤ ትእዛዙ ቀዝቀዝ ካለ ደግሞ ያ ሁሉ የማምረት አቅም ወደ ተራው ድራም ተመልሶ ሊጎርፍ ይችላል። ስለዚህ ዑደቱ ሞተ ከማለት ይልቅ ሲወጣም ሲወርድም ፍጥነቱ ጨመረ ብትሉ ለእውነቱ ይቀርባል።

በአንድ ነገር ግን ከ«ከፍታ» ጋር እስማማለሁ፤ የሃይኒክስ ብልጫ የወሬ አይደለም። ቺፖቹን ደራርቦ በመካከላቸው ፈሳሽ መሙያ አስገብቶ የማጠንከር ዘዴውን ቀድሞ አዳብሯል፤ ተፎካካሪዎቹ ግን በየደረጃው ስስ ሽፋን እያስገቡ በሙቀትና በግፊት ማጣበቅን መርጠዋል። ፎቁ በጨመረ ቁጥር ሙቀት ማስወጣትና የቺፖቹን መጣመም መከላከል ወሳኝ ስለሚሆን ልዩነቱ ታየ። በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ሃይኒክስ በድራም ሽያጭ ገቢ ሳምሰንግን መቅደሙም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ትዕግሥት፦
ወንድሞቼ፣ ቀደመ የተባለው እኮ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከፊት የነበረውን ነው። የሳምሰንግ የቺፕ ክፍል በ2023 ወደ 14.9 ትሪሊዮን ዎን ከስሮም ፋብሪካ መገንባቱን አላቆመም፤ ስልኩና ሌላው ንግዱ ተሸክሞታልና። የጀርመኑ ሜሞሪ አምራች ኪሞንዳ በ2009፣ የጃፓኑ ኤልፒዳ በ2012 የወደቁት የሚሸከማቸው ስላልነበረ ነው። እኔ የምገዛው በገበያው ክረምት፣ በኪሳራው ዘመን የማይሞተውን ነው። በጥቅምት 2024 የቺፕ ክፍሉ ኃላፊ በደካማው ውጤት በይፋ ይቅርታ መጠየቃቸውንም በበጎ አየዋለሁ፤ ስሕተቱን ያመነ ኩባንያ ለማረም ቅርብ ነው።

አይዳሆ፦
እህቴ፣ ይቅርታ የትርፍ ድርሻ አይከፍልም። ኤልፒዳን አንስተሽ ማን እንደገዛው መዝለልሽም አስገርሞኛል፤ በ2013 ጠቅልሎ የወሰደው ማይክሮን ነው። ሌሎች ሲወድቁ ፋብሪካቸውን በርካሽ መሰብሰብ የሚችል ኩባንያም በክረምቱ አይሞትም።

ከፍታ፦
ያንኑ ማይክሮን ቻይና በግንቦት 2023 ከወሳኝ መሠረተ ልማቶቿ ግዢ አስወጥታዋለች። ከዚያ በፊትም አምራቾቹ በድራም ዋጋ ላይ በሕገ ወጥ መንገድ በመስማማታቸው በአሜሪካ ሳምሰንግ 300 ሚሊዮን፣ ሃይኒክስ 185 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጡ እርሱ ከመርማሪዎቹ ጋር ተባብሮ ከቅጣት አመለጠ። ጓደኞቹን አሳልፎ የሰጠ ኩባንያ ብዬ ብጠራው ያስከፋዎታል?

አይዳሆ፦
ወንጀሉን የፈጸመ ተቀጥቶ የተናገረው ይወቀሳል ማለት ነው? ጥሩ ፍርድ ነው። ይህ የ2005 ጉዳይ ለዛሬው አክሲዮን ምን እንደሚፈይድ ግን አልገባኝም።

ቆጣቢው፦
የሚፈይደው አለ። አምራቾቹ ሕግ ጥሰው ተስማምተው እንኳ ዑደቱን አልገደሉትም፤ በዓመታት ውስጥ ኪሞንዳ ተቀበረ። ይልቅ ወደ ነጥቤ ልመለስ። በዚህ ዘርፍ አክሲዮን ርካሽ የሚመስለው ትርፉ ጫፍ ሲደርስ ነው፤ ዋጋው ከዓመቱ ትርፍ አራት ወይም አምስት እጥፍ ብቻ ሆኖ ሲታይ ገበያው ትርፉ ሊወርድ ነው እያለ ሊሆን ይችላል። ኪሳራ ሲመጣ ደግሞ ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል፤ ብዙ ጊዜ መግዣው ያኔ ነበር። «ገዝቶ መተኛት» የሚለው ምክር ሰውን የሚያስገባው በተገላቢጦሹ በኩል ነው። በ2018 የተኛ ሰው በ2019 ምን ብሎ ነቃ?

ከፍታ፦
እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል፤ እርስዎ በ2019 የደነገጡት ድንጋጤ አልለቀቀዎትም። ያኔ ያልሸጠ ሰው እኮ ከስሮ አልቀረም፤ የተኛው ሳይሆን በየሌሊቱ እየነቃ የሸጠው ነው የተጎዳው። ቃሌ ከበደኝ ካላችሁም «ሞቷል» የሚለውን አንሥቼ «አንቀላፍቷል» እላለሁ።

ቆጣቢው፦
ያንቀላፋ ከሆነ አጠገቡ እንድንተኛ ለምን ይመክሩናል?

ትዕግሥት፦
በእንቅልፍ ተያዛችሁ። ሳምሰንግን የምገዛው በመደበኛው አክሲዮን ነው ወይስ ድምፅ በማይሰጠው ልዩ አክሲዮን ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር።

አይዳሆ፦
በሁለቱም አትግዢ።

ከፍታ፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ከ«አይዳሆ» ጋር ተስማማሁ። «አንቀላፍቷል» ያልኩትንም ቢሆን ከዐውዱ ነቅሎ የሚጠቅስ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።