አስቸኳይ፦ የደረጃ ሠንጠረዤ ተበላሸ! የመስከረም ድል ነው ወይስ የኅዳር ድል የሚበልጠው?

የኮሎምበሱ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የኤክሴል ሠንጠረዤ ከተበላሸ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ለነገ 6 ሰዓት መድረስ አለበት። የሠራሁት የመጨረሻዎቹ ድሎች እንዲበልጡ አድርጌ ነው። ባለፉት ዓመታት ልፈትሸው ስል ግን ነገሩ ሁሉ ተዘበራረቀ። የ2025ን ሳስገባ ኖትርዳም 90፣ ማያሚ 75 ይለኛል። ኮሚቴው ግን ማያሚን 10ኛ፣ ኖትርዳምን 11ኛ አድርጎ ነው የጨረሰው። የ2024 ላይ ደግሞ ጆርጂያ ቴክ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ዜሮ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥፋቱ የቀመሩ ነው ወይስ ሐሳቤ ራሱ ነው የተሳሳተው?

ቡና በጀበና
ፋይሉን ዝጋውና እንደገና ክፈተው። የኔም እንዲህ ሲያምሰኝ በዚህ ነው የሚስተካከለው።

እንግዳ ሰው
የየት ሊግ ነው? ማያሚ ሜሲ ያለበት አይደል እንዴ? ኖትርዳም የሚባል ክለብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የዳላስ ልጅ
እንግዳ ሰው፣ ይሄ በእጅ የሚያዘው ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ፉትቦል። ማያሚም ዩኒቨርሲቲው ነው፣ የሜሲ ቡድን አይደለም።
ወንድሜ ጠያቂ፣ አንተም ይህን አልጻፍክም። ቀመርህ ምን እንደሆነም አልነገርከንም። ለማን ነው የምታስረክበው? 6 ሰዓቱስ በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

የኮሎምበሱ
ይቅርታ፣ ጥድፊያ ነው። በሀበሻ 6፣ እኩለ ቀን ማለቴ ነው። ነገ እሑድ ትልቁ ኮሚቴ ለፕሌይኦፍ (ለዋንጫው ጥሎ ማለፍ) የሚያልፉትን 12 ቡድኖች ይናገራል። ከዚያ በፊት መላክ አለብኝ።
እኛ መጋዘን ውስጥ አብረን የምንሠራ 9 ልጆች ነን። እያንዳንዳችን 12 ቡድን በተራ እናስገባለን። ብዙ የሳተ ለገና ዶሮ ሠርቶ ሁሉንም ይጋብዛል። ገንዘብ የለበትም። ግን ከልቤ ነው የያዝኩት። ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ውጤት ስሞላ ነው የከረምኩት።
ቀመሩ ቀላል ነው። ያሸነፈ የሳምንቱን ቁጥር ያህል ነጥብ ያገኛል። በ1ኛው ሳምንት ያሸነፈ 1፣ በ14ኛው ሳምንት ያሸነፈ 14። የተሸነፈ ምንም። ቡድን እየበሰለ ነው የሚሄደው ብዬ ነው። ሰው የሚያስታውሰውም መጨረሻውን ነው።

የድሮ አስተማሪ
ልጄ፣ ጥያቄህ ከአንተ ዕድሜ ይበልጣል። ከሥሩ ላስረዳህ።
ድሮ ፕሌይኦፍ የሚባል አልነበረም። ከ1936 ጀምሮ አሶሺየትድ ፕሬስ የጋዜጠኞችን ድምፅ እየሰበሰበ ደረጃ ያወጣል። መራጩ በየሳምንቱ ያለፈውን ዝርዝሩን ይዞ ነው የሚነሳው። ያሸነፈውን ባለበት ይተወዋል ወይ ከፍ ያደርገዋል፣ የተሸነፈውን ይጥለዋል። ሴፕቴምበር ላይ የወደቀ ለመነሳት ሁለት ወር አለው። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የወደቀ ግን በምን ቀን ይነሳ? «መሸነፍህ ካልቀረ በጊዜ ተሸነፍ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።
አንተ ኮሎምበስ ነህ፣ የ2014ን ሰፈርህ ጠይቅ። የከተማህ ቡድን ኦሃዮ ስቴት ሴፕቴምበር 6 ቀን በገዛ ሜዳው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተሸነፈ። ሁሉም አበቃለት አለ። ዲሴምበር 6 ቀን በሦስተኛ ምርጫው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን በሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ዊስኮንሲንን 59 ለ 0 ደመሰሰ። በማግስቱ 4ኛ ሆኖ ገባ። ያኔ የሚያልፉት 4 ብቻ ነበሩ። 3ኛ የነበረው ቲሲዩ በዚያው ቀን አይዋ ስቴትን 55 ለ 3 አሸንፎ ወደ 6ኛ ወረደ! ኦሃዮ ስቴት ከዚያ አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሬገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ መጨረሻው ይበልጣል ማለትህ መሠረት አለው።

ቡና በጀበና
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ብዙ ተማርን። ግን ፋይሉን ዘግቶ ከፍቶታል ወይ?

ለምን ባይ
እኔ ከመነሻው አልስማማም። ለምንድን ነው ቀን ነጥብ የሚሰጠው?
የ2014ቱ ኦሃዮ ስቴት የገባው ዲሴምበር ስለሆነ አይደለም። ጥሩ ቡድንን 59 ለ 0 ስለቀጠቀጠና የኮንፈረንሱን (ቡድኑ ያለበትን ምድብ) ዋንጫ ስለበላ ነው። ቲሲዩ ያን ቀን ያሸነፈው ደካማ ቡድን ነበር። በዚያ ላይ ኦክቶበር ላይ በቤይለር 61 ለ 58 ተሸንፏል።
የ2017ን ደግሞ እዩ። አላባማ በመጨረሻው መደበኛ ጨዋታ በኦበርን 26 ለ 14 ተሸነፈ። ለኮንፈረንሱ ፍጻሜ እንኳን አልደረሰም። 4ኛ ሆኖ ገባ፣ ሻምፒዮንም ሆነ። በ2024 የናንተው ኦሃዮ ስቴት ኖቬምበር 30 ቀን በሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸንፎ በጃንዋሪ ዋንጫ አነሳ። መጨረሻው ይህን ያህል የሚበልጥ ቢሆን እነዚህ ከየት መጡ?

የኮሎምበሱ
የሚሺጋኑን አታንሳብኝ፣ በዚያ ሰሞን መጋዘናችን ውስጥ ሰላምታም አልነበረም።
ነጥብህ ገብቶኛል። ግን ሠንጠረዡስ? ዘግቼ ከፍቼዋለሁ፣ ያው ነው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ
ወንድሜ፣ ሠንጠረዥህ አልተበላሸም። ያዘዝከውን ነው የሠራልህ። ቀመርህን ወረቀት ላይ አውጥቼ አየሁት።
መጀመሪያ ዜሮው። ጆርጂያ ቴክ በ2024 ፍሎሪዳ ስቴትን 24 ለ 21 ያሸነፈው ደብሊን፣ አየርላንድ ውስጥ ነው፤ ቀኑ ኦገስት 24። ያ ሳምንት በፕሮግራሙ ላይ «ሳምንት ዜሮ» ነው የሚባለው። ከዋናው መክፈቻ በፊት ጥቂት ቡድኖች ብቻ ይጫወቱበታል። አንተ በሳምንቱ ቁጥር ስታባዛ ድሉ በዜሮ ተባዛ። ውቅያኖስ ተሻግረው ያመጡትን ድል ሰረዝክባቸው ማለት ነው።
ቀጥሎ 90 እና 75። ሁለቱም 10 አሸንፈው 2 ተሸንፈዋል። ኖትርዳም በ1ኛውና በ3ኛው ሳምንት ተሸንፎ ከ4ኛው ጀምሮ የተጫወተውን ሁሉ አሸነፈ። 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14 ሲደመር 90። ማያሚ በ8ኛውና በ10ኛው ሳምንት ተሸነፈ። 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 11፣ 12፣ 13፣ 14 ሲደመር 75። አሁን ያቺን የመጀመሪያዋን 1 ነጥብ እያት። እሷ ማያሚ ኖትርዳምን ራሱን 27 ለ 24 ያሸነፈባት ናት! በክርክሩ ሁሉ ትልቋ ጨዋታ በሠንጠረዥህ ውስጥ ትንሿ ሆነች።
የ2023 ደግሞ ይብሳል። ቴክሳስ በ2ኛው ሳምንት አላባማን በገዛ ሜዳው 34 ለ 24 አሸነፈ። ባንተ ቀመር 2 ነጥብ ነው። አላባማ በ12ኛው ሳምንት ከታችኛው እርከን የመጣውን ቻታኑጋን 66 ለ 10 አሸነፈ። እሱ 12 ነጥብ። ይሄ ልክ ነው?

የዳላስ ልጅ
እጅሽ ይባረክ እህቴ። የቴክሳስን ነገር እኔ ልጨምርበት። ያ ድል ሴፕቴምበር ላይ ትልቅ ነበር፣ ግን በጣም የከበደው ዲሴምበር ላይ ነው። አላባማ ከዚያ በኋላ ሳይሸነፍ ቆይቶ በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ጆርጂያን 27 ለ 24 ጣለ። አላባማ በከበደ ቁጥር እሱን ያሸነፈው ቴክሳስም አብሮ ከበደ። አላባማን አስገብቶ ቴክሳስን ማስቀረት አልተቻለም። 3ኛ ቴክሳስ፣ 4ኛ አላባማ ሆኑ። የእህል ልኩ የሚታወቀው አውድማ ላይ ነው። የመስከረምም ድል እንደዚያ ነው።

የታላሃሲዋ
ያ ዝርዝር እኛን ነው ያቃጠለን። ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13 አሸንፎ 5ኛ ሆኖ ቀረ። ኖቬምበር 18 ቀን ኳርተርባኩ ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተሰበረ። ያለ እሱ ሁለት ተጫውተን ሁለቱንም አሸነፍን፣ ኮንፈረንሱንም ወሰድን። ኮሚቴው ግን «ያለ እሱ ሌላ ቡድን ናቸው» አለ። እኔ ዛሬም አልዋጥልኝም አለ። ያሸነፈ አሸንፏል!
ስለዚህ ወንድሜ፣ የመጨረሻ ሳምንታት አይቆጠሩም የሚሉህን ሁሉ አትመን። ኮሚቴው ቡድኑ ዛሬ ምን ይመስላል ብሎም ያያል። ሠንጠረዥህ ውስጥ ጉዳት የምትጽፍበት ዓምድ አድርግ።

ለምን ባይ
እህቴ፣ በደላችሁ እውነት ነው። ግን ያ የጉዳት ነገር ነው፣ የቀን አይደለም።
የመጨረሻ ድል በእርግጥ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም የኮንፈረንስ ፍጻሜ ነው። ከ2024 ጀምሮ 12 ቡድን ሲያልፍ ለአምስት የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ቦታ ተጠብቋል። ክሌምሰን በ2024 በመክፈቻው በጆርጂያ 34 ለ 3 ተሸነፈ። በመጨረሻው መደበኛ ጨዋታም በሳውዝ ካሮላይና 17 ለ 14 ተሸነፈ። ከዚያ ኤስኤምዩን 34 ለ 31 አሸነፈ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ከ56 ያርድ በእግር ተመትቶ በምሰሶዎቹ መሃል ባለፈ ኳስ (ፊልድ ጎል)! ኮሚቴው 16ኛ ነው ያደረገው፣ ግን ሻምፒዮን ስለሆነ ገባ። ተሸናፊው ኤስኤምዩም አብሮ ገባ። ሻምፒዮኖቹን ካልለየህ 12ቱን በምንም ቀመር አታገኛቸውም።

የኮሎምበሱ
አምላኬ! ሻምፒዮኖቹን አልለየሁም። አሁን ምን ላድርግ? ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሆኗል፣ ነገ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለብኝ።

ቡና በጀበና
በአዲስ ፋይል ኮፒ አድርገህ ክፈተው። አንዳንዴ ፋይሉ ራሱ ነው የሚታመመው።

ሂሳብ ሠራተኛዋ
ግማሽ ሰዓት ይበቃሃል። የሳምንቱን ቁጥር ከቀመሩ አውጣው። ዓምዱ ይቀመጥ፣ ግን አይባዛ። በምትኩ እያንዳንዱ ድል የተሸነፈው ቡድን እስከ ዛሬ ያሸነፈውን ጨዋታ ብዛት ያህል ነጥብ ያግኝ። 10 ጊዜ ያሸነፈን ቡድን የጣለ 10፣ 2 ጊዜ ብቻ ያሸነፈን የጣለ 2። ከታችኛው እርከን የመጣን ያሸነፈ ምንም አያግኝ። ሳምንት ዜሮም በዚሁ ይስተካከላል። ለሽንፈት ቅጣቱን ራስህ ወስን።
ከዚያ በእጅህ ሁለት ነገር አድርግ። አምስቱን ሻምፒዮኖች ቀለም ቀብተህ አስገባ። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ቡድኖች እርስ በርስ ተጫውተው ከሆነ አሸናፊውን ከላይ አድርግ። በ2025 የሆነው ይኸው ነው። ኖትርዳም ለሳምንታት ከማያሚ በላይ ነበር። በመጨረሻው ቅዳሜ ሁለቱም አልተጫወቱም። መሃላቸው የነበረው ቢዋይዩ በቴክሳስ ቴክ 34 ለ 7 ተሸንፎ ሲወርድ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ያኔ የኦገስት 31ዷ ጨዋታ ተነሳች። ማያሚ ገባ፣ እስከ ዋንጫው ፍጻሜም ደረሰ።

የድሮ አስተማሪ
ይህቺ ልጅ ትክክል ናት። እኔ የነገርኩህ የጋዜጠኞቹን ልማድ ነው። ኮሚቴው በየሳምንቱ ከባዶ ወረቀት ነው የሚጀምረው፣ ያንን ሳልነግርህ አልፌያለሁ። የኔን ሳይሆን የእሷን ያዝ።

የኮሎምበሱ
ጋሼ፣ እርስዎም ኑሩልኝ። እህቴ፣ የ2025ን ባልሽኝ አስገባሁት። የ15 ነጥቡ ልዩነት ጠፍቶ ኖትርዳምና ማያሚ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ! በእርስ በርስ ጨዋታቸው ማያሚን ከላይ አደረግሁት። አሁን የዘንድሮውን ልሙላ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባኝ፤ ሦስት ቡድኖች በክብ ከተሸናነፉስ ማንን ከላይ ላድርግ?

የዳላስ ልጅ
ሦስቱም የተጫወቷቸውን የጋራ ተጋጣሚዎች እይ። ኮሚቴውም ያየዋል።

የታላሃሲዋ
ጉዳቱንም እይ። በኛ ላይ የደረሰው በማንም አይድረስ።

እንግዳ ሰው
እኔ ደግሞ ሳላስበው እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ነገ ልከፍተው ነው። የትኛው ቻናል ላይ ነው?

ቡና በጀበና
ሰኞ ሆነ እኮ። የኮሎምበሱ፣ ላክኸው? ከ12ቱ ስንቱን አገኘህ? ዶሮውስ ማን ላይ ወደቀ?

ሂሳብ ሠራተኛዋ
እኔም እየጠበቅኩ ነው። በክብ የተሸናነፉት ሦስቱ እነማን እንደነበሩም ንገረን።