«ሞተሩ ያንኳኳል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ትናንት ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ በአራተኛ ማርሽ ስታገል፣ ከኮፈኑ ሥር ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። መካኒኩ «ታንኳኳለች፤ ቤንዚኑ ነው» አለኝ። ቃሉ ልክ ነው? «ፍንዳታ» አይሻልም?

የባሕር ዳር ልጅ፦ ፍንዳታማ የጎረምሳ ስም ሆኗል፤ «ሞተሬ ውስጥ ፍንዳታ አለ» ብትል ማን ያምንሃል! ማንኳኳትን ያዝ። ቢየላ (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ሲላላም ያንኳኳል፤ የሱ ግን ወፍራም ነው፣ ድም ድም ይላል። የቤንዚኑ ቀጭን፣ ቅጭልጭል የሚል ነው። ብቻ ቸል አትበል፤ «አንኳኩ ይከፈትላችኋል» እንዲል መጽሐፉ፣ የሚከፈተው ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ነው።

የቡሬው፦ ከ«ነዳጅ» እንነሣ። ከወደደ ወዳጅ፣ ከወሰደ ወሳጅ እንደሚወጣ፣ ነዳጅም ከነደደ ነው። ሥራው መንደድ እንጂ መፈንዳት አይደለም። ካንዴላው ሲጭር እሳቱ ከአንድ ጫፍ እንደተለኮሰ ጭድ እየበላ መሄድ አለበት። እሳቱ ገና ያልደረሰበት የዳር ቤንዚን፣ ከኋላ በሚገፋው ግፊትና ሙቀት ተጨንቆ በገዛ ራሱ ባንድ አፍታ ቦግ ሲል ነው የሚያንኳኳው፤ የምትሰማው ግፊቱ ግድግዳውን ሲመታ ነው። ሞተሩ አየርና ቤንዚኑን 11 ለ1 (አሥራ አንዱን እጅ ወደ አንድ) እና ከዚያ በላይ የሚጨምቅ ሲሆን ደግሞ ጭንቁ ይብሳል።

ለዚህ ነው ኦክቴንን (91፣ 95 እየተባለ የሚጠራውን የቤንዚን ደረጃ) «የቤንዚን ኃይል» ብሎ መተርጎም የማይዋጥልኝ። 95 ከ91 የሚበልጠው በኃይል አይደለም፤ ሳይቸኩል ካንዴላውን በመጠበቅ ነው። እኔ «ቻይነት» እለዋለሁ። 91 ለሚበቃት መኪና 95 መሙላት ብር መጣል ነው። ናፍጣ ተቃራኒ ነው፤ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ስለሌለ በጭመቃ ብቻ ቶሎ መንደድ አለበት፣ እዚያ ቻይነት ነውር ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ማርቆስ ስገባ ለምን ዝም አለች?

የቡሬው፦ ሽቅቡ አልቆ ሸክሟ ቀለለ። ደግሞም ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ውስጥ የሚታመቀው ያንሳል። የዓባይ በረሃ ዝቅም ይላል፣ ይሞቃልም። በሦስተኛ ማርሽ ውጣ፣ ፔዳሉን እስከ ታች አትርገጥ።

ጠያቂ፦ እሺ። «ቻይነት»ን ለመካኒኩ ብነግረው «ቤንዚን ደግሞ ምኑን ይችላል?» ብሎ ሳቀብኝ።