የውርንጭላችን ልብ 140 ይመታል፣ መለኪያዋም ማንበብ አቆመች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ

የሱሉልታዋ (ሰኞ ጠዋት 1፡10)
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። ባዝራችን ለእሁድ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወለደች። ውርንጭላው ትናንት ደህና ነበር፣ ቆመ፣ ጠባ፣ እናቱን ተከትሎ ሲዞር ነው የዋለው። ዛሬ ንጋት ላይ ስገባ ግን ተኝቷል። ደግፌ አቆምኩት። ጡቷ ጋ ይሄዳል፣ አፉን ያስጠጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ አይጠባም። በኮሮና ጊዜ የገዛናት ጣት ላይ የምትገባ የኦክስጅንና የልብ መለኪያ አለች። ጆሮው ላይ ሳደርጋት 140 አለች፣ ከዚያ በኋላ ሰረዝ ብቻ ነው የምታሳየው። ባትሪ ቀይሬያለሁ። እንዴት ላስተካክላት? 140 ብዙ ነው አይደል? የአካባቢያችን ሐኪም ስልክ አያነሳም።

ባለጋሪው
እንኳን ማርያም ማረቻት ለባዝራችሁ። 140 ስትዪ የኔም ልብ አብሮ ሮጠ። ጆሮው ፀጉር ስላለው ነው የማታነበው። ፀጉር የሌለበት ቦታ ሞክሪ፣ የታች ከንፈሩን ለምሳሌ።

ጥገና በለገጣፎ
እህቴ ባትሪ ነው። እነዚህ መለኪያዎች ባትሪ ሲደክም ሰረዝ ያሳያሉ። አዲስ ባትሪ አድርጊባት።

የሱሉልታዋ
ባትሪ ቀይሬያለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ መለኪያዋን ለጊዜው አስቀምጪያት። ፈረስ ስናረባ ኖረናል፣ እኛ የምናየው የእናትየዋን ጡት ነው። ሄደሽ እዪ። ጡቷ ተወጥሮ ወተት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ልጁ ከጠባ ቆይቷል ማለት ነው። የዚህ ዕድሜ ውርንጭላ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠባል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተወው። ግንባሩ ላይ ወተት ደርቆ ካየሽም ያው ነው፣ ከጡቱ ሥር ቆሞ ወተቱ ይፈስበታል እንጂ አይጠባም። ሌላም ልጠይቅሽ። ሲወለድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆሟል? በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠብቷል? የእንግዴ ልጁስ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወጥቷል? የመጀመሪያውን ጥቁር ፋንድያ ጥሏል? ጠያቂ እነዚህን ሳይጽፍ መለኪያ ተበላሸ ይላል፣ እኛ ደግሞ ከምን ተነስተን እንመልስ?

የሱሉልታዋ
ጋሼ፣ ይቅርታ። ሁሉንም በሰዓቱ አድርጓል፣ እንግዴውም ወጥቷል፣ ፋንድያውንም ጥሏል። እንገሩን ጠግቦ ነው የጠጣው። ጡቷን አሁን አየሁት፣ ተወጥሯል፣ ጭኗ ድረስ ወተት ወርዷል።

የቡራዩዋ እናት
አይዞሽ የኔ እህት። ለጋ ቅቤ አስልሽው፣ ሆዱን ያለሰልስለታል። እኛ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው የሚደረገው።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቅቤ እንዳትሰጪው። መጥባት ያቆመ ውርንጭላ በደንብ አይውጥም፣ አፉ ላይ የሚጨመርበት ነገር ሳንባው ይገባል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። 140 ብዙ ነው ወይ ለማለት መቼ እንደለካሽው ማወቅ አለብን። እናትየዋ ስታርፍ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የምትመታው። ውርንጭላ ግን ሌላ ነው። እንደተወለደ ከ40 እስከ 80 ይሆንና ለመቆም ሲታገል እስከ 150 ይደርሳል። ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት አርፎ ሲተኛ ከ80 እስከ 120 ቢሆን ደህና ነው። አንቺ ግን አቁመሽው፣ ጆሮውን ይዘሽው ነው የለካሽው። ደንግጦም 140 ይገባል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ታሟል አያሰኝም። የሚገርመው፣ ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን የገባበት ውርንጭላ ልቡ ሊዘገይም ይችላል፣ በተለይ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝና ስኳሩ ሲወርድ። ተኝቶ ሳለ ቀስ ብለሽ እጅሽን ከግራ ክርኑ ኋላ ደረቱ ላይ አድርጊ። 15 ሰከንድ ቁጠሪና በ4 አባዢው። ከየትኛውም መለኪያ ይሻልሻል።

ልብ በሽታን አያሳይም ማለቴ ግን አይደለም። ውጭ አገር ትልልቅ የፈረስ ሆስፒታሎች ደረቱ ላይ ተለጣፊ ገመድ አድርገው ቀንና ሌሊት ይመዘግባሉ። ብዛቱን ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ ከአንዱ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ክፍተትም ነው። የጤነኛ ልብ ክፍተት ትንሽ ትንሽ ይለያያል፣ ሲተነፍስም፣ ሲነቃም፣ ሲተኛም። ሰውነት በጠና ሲታመም ያ መለያየት ይቀንሳል፣ ምቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት አንድ ወጥ ይሆናል። ሌላው ምልክት ሳይወጣ በዚህ ቀድመን እንወቅ ይሆን ብለው ነው የሚያጠኑት። የጣት መለኪያ ይሄን አያሳይሽም።

ጥገና በለገጣፎ
ባትሪው የትኛው ነው? ርካሹ ከሆነ ቶሎ ይሞታል።

የሱሉልታዋ
ባለጋሪው ተባረክ! ከንፈሩ ላይ አነበበች። ልብ 148፣ ኦክስጅን 92። ተኝቶ ሳለ በእጄም ቆጠርኩ፣ በ15 ሰከንድ 36 ነው፣ ማለት 144። ኦክስጅኑ ግን ጥሩ ነው አይደል? ለሱሉልታ ከፍታና ብርድ 92 መጥፎ አይደለም ይላል ወንድሜ። ትንሽ እፎይ አልኩ።

የጋማ ከብት ሐኪም
እህቴ፣ እፎይ አትበይ። ሁለት ነገር ቶሎ መልሺልኝ። አባቱ ፈረስ ነው አህያ? ባዝራዋስ ስንተኛ ልጇ ነው?

የሱሉልታዋ
አህያ ነው እኮ ዶክተር፣ በቅሎ ፈልገን ነው ያስጠቃናት። ሦስተኛዋ ነው። ካቻምናም በቅሎ ነው የወለደችው። ችግር አለው?

የጋማ ከብት ሐኪም
አለው። አሁኑኑ ከእናቱ ጡት ለዪው። እንዲተያዩ አድርጋችሁ በመሐላቸው አጥር አድርጉ። ከዚያ የላይ ከንፈሩን ገልብጠሽ ድዱን በቀን ብርሃን እዪ፣ የዓይኑን ቆብ ውስጥም። ሲሸና ቀለሙን እዪ።

እየሄድሽ ሳለ ላስረዳሽ። የአህያ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የፈረስ ደም የሌለው ምልክት አለ፣ በቅሎው ያንን ከአባቱ ይወርሳል። ባዝራዋ በፊት በቅሎ ስትወልድ ከዚያ ደም ጋር ከተገናኘች ሰውነቷ እንደ ጠላት ቆጥሮ መከላከያ ያመርትበታል። መከላከያው በእንገሯ ይወጣል። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ጠግቦ ይጠባል፣ ከዚያ የጠባው እንገር የገዛ ደሙን ያፈርሰዋል። ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ የወደቀው በዚህ ሊሆን ይችላል። በፈረስ ውርንጭላ ከ100 አንድ ሁለቱን ቢያገኘው ነው፣ በበቅሎ ግን እስከ 10 ይደርሳል።

92ም ያታልላል። መለኪያዋ የምትነግርሽ ያለው ቀይ ደም ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ደሙ ግማሽ ቢሆን ግማሹ ሞልቶ ጥሩ ቁጥር ይሰጥሻል። እውነቱን እየነገረሽ ያለው ልቡ ነው። ደም ሲያንስ ያለችውን ለማዳረስ ይሮጣል፣ ተኝቶም 144 የሚመታው ለዚህ ነው።

የሱሉልታዋ
ዶክተር ድዱ ቢጫ ነው። የእርድ ውኃ ይመስላል። የዓይኑ ቆብም እንደዚያው። ሽንቱን አሁን ሸና፣ ገለባው ላይ የወፈረ ሻይ የመሰለ ነው። ለየነው፣ እናቱ እየጮኸች ነው።

የጋማ ከብት ሐኪም
በርቺ። አታስሩጡት፣ አታሸብሩት፣ ብርድ ልብስ አልብሱት። 48 ሰዓት እስኪሞላው የእናቱን ወተት አይቅመስ፣ እሷን እያለባችሁ ድፉት። የፍየል ወተት ካገኛችሁ ለብ አድርጋችሁ፣ ራሱ የሚጠባ ከሆነ ብቻ፣ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት። ካልጠባ በግድ አታፍሱበት። ደም ሊያስፈልገው ስለሚችል ቤት አይቆይ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ደውላችሁ በቅሎ መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እናትየዋንም አብራችሁ ጫኑ። የእሷ ቀይ ደም ያ ምልክት የለውም፣ መከላከያው ካለበት የደሟ ፈሳሽ ታጥቦ ለልጁ ሊሰጥ ይችላል።

ባለጋሪው
አይሱዙ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ እዚያው ሱሉልታ ነው የሚያድረው። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ጭድ በደንብ አንጥፉለት።

የሱሉልታዋ (3፡25)
መኪናው መጣ። አባቴ ከኋላ አብሮት ተቀምጧል፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደርሼ እጽፋለሁ።

የሰንዳፋው ገበሬ
ዶክተር፣ የኔም ባዝራ ከአህያ አርግዛ ወሯ ደርሷል፣ አምና በቅሎ ወልዳለች። ምን ላድርግ?

የጋማ ከብት ሐኪም
ስትወልድ ከአጠገቧ አትራቅ። እንገሯን አይቅመስ። በቅሎ ወልዳ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር አስቀድመህ አልበህ በበረዶ አቆይ፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለብ አድርገህ ስጠው። ያለ እንገር መተው ደግሞ አይቻልም፣ በኢንፌክሽን ይሞታል። ከሁለት ቀን በኋላ የእናቱን ወተት ቢጠባ አይጎዳውም። ከመውለዷ ሁለት ሳምንት በፊት ደሟን ማስመርመር ከቻልክ ደግሞ ሳትገምት ታውቀዋለህ።

ጡረተኛው (ማምሻውን 1፡40)
ልጄ፣ ደረሳችሁ?

ባለጋሪው
ሹፌሩ ቃሊቲ ላይ መንገድ ተዘግቶ ነበር አለኝ፣ 7 ሰዓት ላይ ነው ያደረሳቸው። ሲያወርዱት ራሱን ቀና አድርጎ ነበር ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሱም አያውቅም።

የቡራዩዋ እናት
በእመቤቴ፣ ያየሽ ጊዜ አንዲት ቃል ጻፊልን።